ሲዋሹ ኖረው እውነቱን ለማውራት የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ዕለቱ ኦክቶበር 4 ቀን 1975 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዲት አነስተኛ ሴስና 310 አውሮፕላን ስድስት ሰዎች አሳፍራ ወደ ሰሜን ካሮላይናዋ ዊልሚንግተን ከተማ ትበራለች። ከፓይለቱ ሌላ አራት የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ተፋላሚዎችና የአካባቢው ሬስሊንግ አዘጋጅ ቤተሰብ አባል የሆነው ዴቪድ ክሮኬት ተሳፍረዋል። ለማረፍ ጥቂት ሲቀር ነዳጅ አለቀ። አውሮፕላኗም ተከሰከሰች።

ያኔ የ26 ዓመት ወጣት የነበረው ሪክ ፍሌር ጀርባው ሦስት ቦታ ተሰበረ። የወቅቱ ኃያል ጆኒ ቫለንታይን ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ዳግመኛ ወደ ሪንግ አልወጣም። የቦብ ብሩገርስም የሬስሊንግ ሕይወት እዚያው አበቃ። ፓይለቱ ከጉዳቱ ሳያገግም ኋላ ላይ ሕይወቱ አለፈ። አራተኛው ሬስለር ቲም ዉድስ ግን ከሌሎቹ ቀለል ያለ ጉዳት ነበር የደረሰበት። ታዲያ ሆስፒታል ሲደርስ ማንነቱን ሲጠይቁት ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ይወራለታል። ሬስለር ነኝ አላለም። ሕዝቡ የማያውቀውን የመዝገብ ስሙን ሰጥቶ ሥራው ፕሮሞተር እንደሆነ ተናገረ።

ለምን? ዉድስ ሪንግ ላይ ነጭ ጭንብል የሚያጠልቅ፣ ‹‹ሚስተር ሬስሊንግ›› የሚባል የሕዝብ ወዳጅ ነው። በፊልም ተመልካች አነጋገር ‹‹አክተሩ›› እሱ ነው። ቫለንታይንና ፍሌር ደግሞ ሕዝብ የሚጠላቸው ክፉዎች ናቸው። በተለይ ዉድስና ቫለንታይን ደመኞች ናቸው ተብሎ ሲነገርና ትኬት ሲሸጥበት ነው የከረመው። ደመኛ ከደመኛው ጋር በአንድ አውሮፕላን እየሄደ ነበር ከተባለ ደግሞ ነገሩ ሁሉ አበቃ ማለት ነው፤ ትኬት የሚገዛም አይኖርም። ስለዚህ ዉድስ ሁለት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ ሕመሙ ሳይለቀው ሪንግ ላይ ወጥቶ ታየ። ሕዝቡ ‹‹እሱማ አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበረም›› እንዲል ነው ይህን ያደረገው።

ዛሬ ይህንን ታሪክ የሬስሊንግ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቀውም ፖሊስ ወይም ጋዜጠኛ መርምሮ ስላገኘው አይደለም። ምስጢሩን የጠበቁት ሰዎች ራሳቸው አርጅተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ስላወሩት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲዋሹ የተከፈላቸው ሰዎች በስተርጅና ብቸኛ የታሪክ ምስክር ሆነዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር በሌላ ስፖርት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዝምታው ሕግ

ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ትርኢት መሆኑ ዛሬ ለማንም አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በየቪዲዮ ቤቱና በየዲሹ ስር ‹‹እውነት ነው፣ ውሸት ነው›› እየተባለ ያልተከራከረ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። መውደቁና መሰበሩ ግን እውነት ነው። ውሸቱ ያለው ማን እንደሚያሸንፍና ማን ከማን ጋር እንደተጣላ በሚነገረው ላይ ነው።

ይህንን ውሸት የሚጠብቀው ሕግ ‹‹ኬይፌብ›› ይባላል። ቃሉ ከአሜሪካ የትርኢት ሰፈሮች የመጣ የሙያው ሰዎች የምስጢር ቋንቋ ነው። የሕጉ ትርጉም ባጭሩ፣ ሪንግ ላይ የምትሆነውን ሰው መንገድ ላይም፣ ሆቴልም፣ ቤትህም ሁን ነው። ክፉው ከደጉ ጋር አብሮ ምሳ አይበላም። ሪንግ ላይ እግሩ ተሰበረ የተባለ ሰው ገበያ ሲሄድም ያነክሳል። አንዳንዱ ሬስለር ለገዛ ልጆቹ እንኳ እውነቱን ሳይነግር ዓመታት ያሳልፍ ነበር።

ሕጉን የጣሰ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ የ1987ቱን የኒው ጀርሲ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በሜይ ወር ፖሊስ አንድ መኪና አስቁሞ ሲፈትሽ ውስጡ ያገኛቸው አሜሪካዊው ‹‹ሃክሶው›› ጂም ደጋንና ኢራናዊው ‹‹አይረን ሺክ›› ነበሩ። ሁለቱም ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ተያዙ። ሪንግ ላይ አንዱ የአሜሪካን ባንዲራ፣ ሌላው የኢራንን ባንዲራ ይዘው የሚባሉ ጠላቶች ናቸው። ጋዜጦች ወሬውን ሲያወጡት ኩባንያው ሁለቱንም አባረራቸው። በሙያው ውስጥ ግን ትልቁ ቅሌት ተደርጎ የተወራው ዕፁ አልነበረም፤ አብረው መሳፈራቸው ነው!

ሌላም አለ። በ1982 ኮሜዲያኑ አንዲ ካውፍማን ሜምፊስ ከተማ ላይ ከጄሪ ሎውለር ጋር ተፋለመና አንገቴ ተጎዳ ብሎ ማሰሪያ አጠለቀ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሁለቱ በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርበው ሎውለር ካውፍማንን በጥፊ ከወንበሩ ጣለው። አሜሪካ በሙሉ የምር ጠብ ነው ብላ አመነች። ሁለቱ ግን ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ካውፍማን በ1984 በካንሰር ሲሞት ምስጢሩን ይዞት ሄደ፤ ሎውለርም ከዚያ በኋላ ዓመታት አፉን ዘግቶ ቆየ። ነገሩ ይፋ ወጥቶ በ1999 በካውፍማን ሕይወት ላይ ‹‹ማን ኦን ዘ ሙን›› የተባለው ፊልም ሲሠራ ሎውለር ራሱን ሆኖ ተጫውቷል።

ሕጉ በይፋ የላላው በገንዘብ ምክንያት ነው። በ1989 የያኔው ደብሊው ደብሊው ኤፍ፣ የአሁኑ ደብሊው ደብሊው ኢ፣ የኒው ጀርሲ ግዛት እንደ ቦክስ ውድድር እንዳይቆጣጠረውና ግብር እንዳይጥልበት ሲል ሥራው መዝናኛ እንጂ እውነተኛ ውድድር አለመሆኑን ለሕግ አውጪዎቹ አመነ። አባቶች በደማቸው የጠበቁት ምስጢር በቢሮ ወረቀት ተፈታ። የድሮዎቹ ሬስለሮች ግን ወረቀት አይደሉም፤ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀባቸው።

ካርታው ጠረጴዛው ላይ ነው

ደብሊው ደብሊው ኢ በ2004 ‹‹24/7›› የተባለ የክፍያ የቴሌቪዥን አገልግሎት ጀመረ። ዓላማው የድሮ ግጥሚያዎችን ማሳየት ነው። ከድሮው ፊልም ጎን ለጎን ግን አንድ ወጪው ቀላል፣ ውጤቱ ከባድ የሆነ ፕሮግራም ተወለደ። አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ አራት ወይም አምስት የሙያው አንጋፋዎች፣ አንድ አወያይ፣ አንድ ርዕስ። በቃ ይሄው ነው። ሪንግ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ርችት የለም። ፕሮግራሙ ‹‹ሌጀንድስ ኦፍ ሬስሊንግ›› በሚል ስም ታወቀ። አንድ ቀን ስለ ክፉዎቹ፣ ሌላ ቀን ስለ ማናጀሮች፣ ሌላ ቀን ስለ ጥንድ ተፋላሚዎች ይወራል። አገልግሎቱ ስሙን ‹‹ክላሲክስ ኦን ዲማንድ›› ብሎ ቀይሮ እስከ 2014 ሲቆይ ወሬውም አብሮ ቀጠለ።

የተቀመጡትን ሰዎች ማንነት ያየ ሰው ነገሩ ተራ ጨዋታ እንዳልሆነ ይገባዋል። ምክንያቱም ሬስሊንግ በአሜሪካ ለረዥም ጊዜ አንድ ድርጅት አልነበረም። በ1948 አይዋ ውስጥ ዋተርሉ ከተማ ላይ የተሰበሰቡ ፕሮሞተሮች ኤን ደብሊው ኤ የተባለውን ማኅበር መሥርተው አገሩን በክልል ተከፋፈሉት። አንዱ በሌላው ክልል አይገባም። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ቀበቶ፣ የራሱ ጀግና፣ የራሱ የቅዳሜ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበረው። ፍሎሪዳ ውስጥ ንጉሥ የሆነን ሰው ኦሪገን ላይ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን እንይ። ማይክ ግራሃም የፍሎሪዳው ፕሮሞተር የኤዲ ግራሃም ልጅ ነው፤ ያደገው የአባቱ ቢሮ ውስጥ ነው። ፓት ፓተርሰን ሞንትሪያል ተወልዶ በሳን ፍራንሲስኮ ስም ያወጣ፣ በ1979 የመጀመሪያው የኢንተርኮንቲኔንታል ሻምፒዮን የሆነ፣ የ‹‹ሮያል ራምብል›› ግጥሚያ ሐሳብም የእሱ የሆነ ሰው ነው። ጄሪ ሎውለር ሜምፊስ ነው። አስተያየት ሰጪው ጂም ሮስ የኦክላሆማና የሉዊዚያና የቢል ዋትስ ዘመን ምስክር ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ መሆኑን መታወቂያው ያደረገው ደስቲ ሮድስ ከፍሎሪዳ እስከ ካሮላይና ያለውን ያውቃል፤ ‹‹ስታርኬድ›› እና ‹‹ዋር ጌምስ›› የእሱ ፈጠራዎች ናቸው። አወያዩ ጂን ኦከርሉንድ ደግሞ የሚኒያፖሊሱ ኤ ደብሊው ኤ ማይክሮፎን የነበረ ነው። አንዱ ወንበር አንድ ክልል ነው ማለት ይቻላል። የጠፋው አገር ካርታ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጧል።

ማይክል ሄይስን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ሄይስ የ‹‹ፍሪበርድስ›› መሪ ሆኖ ዳላስ ላይ የቮን ኤሪክ ወንድማማቾች ደመኛ ነበር። ዲሴምበር 25 ቀን 1982 ኬሪ ቮን ኤሪክ ከሪክ ፍሌር ጋር በብረት አጥር ውስጥ ሲፋለም የሄይስ ጓደኛ ቴሪ ጎርዲ የአጥሩን በር ጭንቅላቱ ላይ ዘጋበት። ቴክሳስ በአንድ ቀን ተቀጣጠለች፤ ጠቡም ለዓመታት ትኬት ሸጠ። ዛሬ ከስድስቱ የቮን ኤሪክ ወንድማማቾች በሕይወት ያለው ኬቨን ብቻ ነው። አንዱ በልጅነቱ፣ ዴቪድ በ1984፣ ማይክ በ1987፣ ክሪስ በ1991፣ ኬሪ በ1993 ሞተዋል። ቴሪ ጎርዲም በ2001 አርፏል። እንግዲህ ያንን ዘመን ከውስጥ ሆኖ የሚያወራ ስንት ሰው ቀረ? የቮን ኤሪኮችን ታሪክ ለመስማት ጠላታቸው የነበረውን ሄይስን መጠየቅ ግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ለምን በቃል ብቻ?

እግር ኳስ መዝገብ አለው። ማን ጎል እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ፌዴሬሽን ያስቀምጣል። ሬስሊንግ ግን እውነተኛውን መዝገብ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አልነበረውም። እንዲያውም የተጻፈ ነገር አደጋ ነበር። ማን ያሸንፍ የሚለው የሚወሰነው በጆሮ ነው፤ ገንዘቡም የሚከፈለው በፕሮሞተሩ ፈቃድ ነው። ጋዜጦች ነገሩን ስፖርት ነው ብለው ስለማይቆጥሩት ውጤቱን በትንሹ ጽፈው ያልፋሉ፣ ወይም ጭራሽ አይጽፉም።

ቴፕስ? የየክልሉ ጣቢያዎች ቴፕ ውድ ስለነበር የአንዱን ሳምንት ፕሮግራም በሌላው ሳምንት ላይ ይቀዱበት ነበር። የቅዳሜው ፕሮግራም ሥራው ለሚቀጥለው ትርኢት ትኬት መሸጥ ነው፤ ትኬቱ ከተሸጠ በኋላ ማን ይፈልገዋል? ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሰው ይጠይቀናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በዚህ ምክንያት የስንቱ ጀግና ወርቃማ ዘመን አንድ ደቂቃ ፊልም ሳይቀርለት ጠፍቷል።

ከዚያ ደግሞ የክልሎቹ መጨረሻ መጣ። ቪንስ ማክማህን በ1982 ድርጅቱን ከአባቱ ገዝቶ የክልል ድንበሩን መጣስ ጀመረ። ማርች 31 ቀን 1985 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የመጀመሪያውን ‹‹ሬስልማኒያ›› አዘጋጀ። ክልሎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በማርች 2001 የመጨረሻው ትልቅ ተቀናቃኝ ደብሊው ሲ ደብሊው በእጁ ሲገባ ቴፑም አብሮ ገባ። የኢ ሲ ደብሊው፣ የኤ ደብሊው ኤ፣ የዳላሱ ወርልድ ክላስና የሌሎችም ክምችት ተራ በተራ ተገዛ። ኩባንያው ከ100 ሺህ ሰዓት በላይ የሚሆን ፊልም እንዳለው ይናገራል። ክልሎቹን ያጠፋው እጅ የክልሎቹን ፊልም ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው። ነገሩ ይገርማል፣ ግን ባይሰበስበው ኖሮ ብዙው ምድር ቤት ውስጥ ሻግቶ ይቀር እንደነበረ መካድ አይቻልም።

ፊልም ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። ፊልሙ የሚያሳየው ትርኢቱን ነው፤ ትርኢቱ ደግሞ ውሸቱ ነው። ያ ሰው ለምን ተሸነፈ? ለምን በሳምንቱ ከተማውን ለቆ ሄደ? ያ ደም የማን ሐሳብ ነበር? ይህንን የሚያውቀው መልበሻ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሲዋሹ የኖሩ ሰዎች ሲያወሩ እንዴት ይታመናሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የድሮ ሬስለር ለብቻው ከተጠየቀ የሕዝቡን ቁጥር በእጥፍ ያሳድጋል፣ የራሱን ቁመት ይጨምራል፣ የተጣላውን ሰው ሁሉ በአንድ ቡጢ ጥሎታል። ልማድ ነው። የክብ ጠረጴዛው ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሲያጋንን አጠገቡ የተቀመጠው ይስቃል። ‹‹እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ›› የሚል ሰው ባለበት መዋሸት ይከብዳል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ምን ያህል መታረም ያለበት ነገር እንዳለ ለማየት የ1987ቱን ሦስተኛ ሬስልማኒያ መውሰድ ይቻላል። ማርች 29 ቀን ፖንቲያክ ሲልቨርዶም ስታዲየም ውስጥ ሃልክ ሆጋን ግዙፉን አንድሬ ዘ ጃይንትን አንስቶ አፈረጠው። ኩባንያው የተመልካቹን ቁጥር 93,173 ብሎ አወጀ። የሙያው ታዋቂ ጸሐፊ ዴቭ ሜልትዘር ግን ትክክለኛው 78 ሺህ ገደማ ነው እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። ‹‹አንድሬ ለ15 ዓመት አልተሸነፈም፣ ማንም አንስቶት አያውቅም›› የተባለውም ትኬት ለመሸጥ ነበር። በ1984 ሜክሲኮ ላይ ኤል ካኔክ አሸንፎታል። ማንሳቱንም ቢሆን ራሱ ሆጋን በ1980 ኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ላይ አንስቶ ጥሎታል! አብዛኛው ተመልካች ያኔ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም፤ የድሮዎቹ ሬስለሮች ግን ያውቁ ነበር።

ሁለቱን ባለጉዳዮች ፊት ለፊት ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነው። ኖቬምበር 9 ቀን 1997 ሞንትሪያል ላይ ብሬት ሃርት ሳይነገረው፣ እጅ ሳይሰጥ፣ ደወል ተደውሎ ቀበቶው ለሾን ማይክልስ ተሰጠ። ሃርት በተቃራኒው ነበር የተስማማው። በንዴት ማክማህን ላይ ምራቁን ተፋ፤ ከድርጅቱም ተለየ። ለ12 ዓመት ሁለቱ ተቀያየሙ። በጃንዋሪ 2010 ሪንግ ላይ ተጨባበጡ። በ2011 ደግሞ ጂም ሮስ በመካከላቸው ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ነገር ጠየቃቸው። ማይክልስ የሴራው ተካፋይ እንደነበረ መጀመሪያ ላይ ክዶ የነበረ ሰው ነው፤ እዚህ ግን የክህደቱ ሰለባ ፊቱ ተቀምጧል። ሽማግሌ በተቀመጠበት የሚደረግ እርቅ የሚመስል ነገር ነበረው። ለሬስሊንግ ታሪክም ከአሥር መጽሐፍ የሚበልጥ ሰነድ ሆኖ ቀርቷል።

ጠረጴዛው የማን ነው?

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ጠረጴዛው፣ ካሜራውና ፊልሙ የአንድ ኩባንያ መሆኑን መርሳት አይገባም። ውሻ በበላበት ይጮሃል እንደሚባለው ደመወዝ ከፋዩን የሚያስከፋ ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ አይወራም። ሬስለሮች የሠራተኛ ማኅበር የላቸውም፤ ደብሊው ደብሊው ኢም እንደ ተቋራጭ እንጂ እንደ ቋሚ ሠራተኛ አይቆጥራቸውም። ጀርባው ተሰብሮ ጡረታ የሌለው አንጋፋ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ስለ ክፍያው በምሬት ቢያወራ ነገ ይጋበዝ ይሆን?

በተጨማሪም የፊልም ባለቤት የሆነ ቆርጦ መጣልም ይችላል። በጁን 2007 ክሪስ ቤንዋ ሚስቱንና ልጁን ገድሎ ራሱን ካጠፋ በኋላ ኩባንያው ስሙን ከፕሮግራሞቹ አወጣ። ድርጊቱ ዘግናኝ ነው፤ ሰውየው ይወደስ የሚል የለም። የሬስሊንግን ታሪክ ያለ እሱ ማውራት ግን ቀዳዳ መተው ነው። በ2021 የኩባንያው ፊልሞች ወደ ፒኮክ ሲዛወሩም ሮዲ ፓይፐር የሰውነቱን ግማሽ ጥቁር ተቀብቶ ባድ ኒውስ ብራውንን የተፋለመበት የ1990ው ግጥሚያ እንዲወጣ ተደርጓል። ነውረኛ ትርኢት ነበር። ታዲያ ነውሩ የሚታወቀው ተደብቆ ነው ወይስ ታይቶ?

ደግነቱ ጠረጴዛው አንድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከዚህ ሁሉ በፊት እንኳ ‹‹ኮሊፍላወር አሊ ክለብ›› ነበር። ተዋናይና ሬስለር የነበረው ማይክ ማዙርኪ በ1965 ያቋቋመው ይህ ማኅበር ስሙን ያገኘው ተደጋግሞ በመመታት አብጦ አበባ ጎመን ከሚመስለው የተፋላሚዎች ጆሮ ነው። አንጋፋዎቹ በየዓመቱ ይገናኛሉ፣ የተቸገረውን ይረዳሉ፣ ያወራሉም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በግል ቪዲዮ የሚሸጡ ቃለ ምልልሶች መጡ። በኋላም እነ ብሩስ ፕሪቻርድና ኤሪክ ቢሾፍ አንድን ግጥሚያ አንስተው ለሰዓታት የሚያወሩባቸው የድምፅ ፕሮግራሞች ተስፋፉ። በ2019 የተጀመረው ‹‹ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሪንግ›› የተባለው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ኩባንያው የማይነካቸውን ነገሮች ነካ።

የብሩዘር ብሮዲ ጉዳይ አንዱ ነው። ብሮዲ ጁላይ 16 ቀን 1988 በፖርቶ ሪኮ ባያሞን ከተማ ስታዲየም መልበሻ ክፍል ውስጥ በስለት ተወግቶ በማግሥቱ ሞተ። ዕድሜው 42 ነበር። የተከሰሰው ሬስለር ሆዜ ጎንዛሌዝ ራሴን ተከላክዬ ነው ብሎ ተከራክሮ በ1989 በነጻ ተለቀቀ። ያን ምሽት እዚያው የነበሩት አሜሪካውያን ሬስለሮች በችሎቱ ላይ አልመሰከሩም። ከእነሱ መካከል ደች ማንቴል የመጥሪያው ወረቀት የደረሰው ችሎቱ ካለቀ በኋላ እንደነበረ ተናግሯል። ቶኒ አትላስም ያየውን የተናገረው ለካሜራ ነው። ካሜራ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ፍርዱን አይቀይርም። የዓይን እማኝ ቃል ግን ቢያንስ ተቀምጧል።

ወንበሮቹ እየተለቀቁ ነው

ዋናው ችግር ጊዜ ነው። ሬስለር ሰውነቱን ሸጦ የኖረ ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ሳያረጁ ይሞታሉ። የክብ ጠረጴዛውን ሰዎች ብቻ ብንቆጥር ማይክ ግራሃም በ2012 በ61 ዓመቱ ሞተ። ደስቲ ሮድስ በ2015 በ69 ዓመቱ ተከተለ። አወያዩ ጂን ኦከርሉንድ በጃንዋሪ 2019፣ ፓት ፓተርሰን በዲሴምበር 2020 አረፉ። ከጠረጴዛው ውጪ ደግሞ ሮዲ ፓይፐር በ2015፣ ቀበቶውን ከ1963 እስከ 1971 ሳያስነካ የያዘው ብሩኖ ሳማርቲኖ በ2018፣ ሃርሊ ሬስ በ2019፣ ቴሪ ፈንክና አይረን ሺክ በ2023፣ ሃልክ ሆጋን በጁላይ 2025 አልፈዋል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የቦቢ ሂናን ነው። ሂናን በማናጀርነትም በአስተያየት ሰጪነትም እንደ እሱ የሚናገር አልነበረም ይባልለታል። ሕዝብ እየጠላውም ይስቅለት ነበር። በ2002 የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። ሕክምናው መንጋጋውን ጎድቶት፣ በኋለኞቹ ዓመታት የሚናገረውን ለመረዳት እንኳ የሚያስቸግር ሆነ። በ2017 በ72 ዓመቱ አረፈ። ገና በደህናው ዘመኑ ያልተጠየቀው ነገር ሁሉ አብሮት ሄደ።

በሌላ በኩል ለመናገር የዘገዩም አሉ። በ1990 የታየው አንደርቴከር ለሦስት አስርት ዓመታት ያህል ከሪንግ ውጪ እንኳ ጥቁር ልብሱንና ዝምታውን የጠበቀ፣ የመጨረሻው የኬይፌብ ሰው የሚባል ነው። በኖቬምበር 2019 በስቲቭ ኦስቲን ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያው እንግዳ ሆኖ ተቀመጠና እንደ ማንኛውም ሰው እየሳቀ ሥራውን አወራ። አንዳንድ ተመልካች ‹‹ባይናገር ይሻል ነበር›› ብሎ ቅር አለው። ምስጢሩ ውበት ነበረው፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ዝም ብሎ ቢሞትስ?

ለዚህ መልሱ ከቲም ዉድስ ታሪክ ይገኛል። ዉድስ በ1975 ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው ውሸት ሥራውን አዳነለት፤ የጓደኞቹንም እንጀራ ጠበቀ። እሱ በ2002 አርፏል። በዚያን ቀን የመዝገብ ወረቀት ላይ የተጻፈው ‹‹ፕሮሞተር›› የሚል ቃል ብቻ ቢቀር ኖሮ ሕመሙን ችሎ ሪንግ ላይ የወጣው ሰው ታሪክ አይኖርም ነበር። ታሪኩ የኖረው አብረውት የነበሩት ስላወሩት ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በሬስሊንግ ግን እያደር የሚጠራው የሚያወራ ሰው እስካለ ድረስ ነው። በየትንንሹ ከተማ የቅዳሜ ማታ አዳራሽ የሞሉ፣ ስማቸው ከክልላቸው ያልወጣ፣ ማንም ካሜራ ይዞ ያልሄደላቸው ብዙ አንጋፋዎች ዛሬም በየቤታቸው ተቀምጠዋል። ለነሱ ስቱዲዮም ክብ ጠረጴዛም አያስፈልግም፤ ሁለት ወንበርና አንድ መቅረጫ ይበቃል። የሚያስፈልገው ቶሎ መድረስ ነው።